የጋሽ ፈንቴ ባለሁለት ዓይን ካሜራ

ባለፈው እሑድ ልጄ ቲማቲምና ቃሪያ ቆራርጣ ሰላጣ ስትሠራ የአቼቶው ጠርሙስ አመለጣትና ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እሷ "ውይ!" ብላ ጨርቅ ፍለጋ ስትሮጥ እኔ ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ወጥ ቤቱም፣ ሰላጣውም፣ ልጄም ጠፉብኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ነኝ። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ከቀይ አምፖል ሥር ቆሜ፣ ሳህን ውስጥ የተነከረች ነጭ ወረቀት ላይ የሰው ፊት ቀስ እያለ ሲወጣ አያለሁ።

"እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ ልጄ።

"አቼቶ ድሮ ለሰላጣ ብቻ አልነበረም" አልኋት።

ያን ዓመት አምስተኛ ክፍል ነበርሁ። ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራ ስለነበር አንዳንዱን ሳምንት ቀን ቀን ይተኛል። እናቴ ደግሞ በክረምቱ መንታ ወንዶች ልጆች ወልዳለች። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነሣል፤ ሁለቱም ሲነሡ አባቴ ብርድ ልብሱን ራሱ ላይ ይጠቀልላል። እኔ ጠዋት ተምሬ ቀትር ላይ ስመለስ እናቴ ገና ከበሩ "ምሳሽን ብይና ውጪ፣ ድምፅ እንዳላሰማ" ትለኛለች። የት እንደምወጣ ግን አትነግረኝም።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ጋሽ ፈንቴ ከዘራቸውን ይዘው ቤታችን መጡ። የእናቴ አጎት ናቸው። የቄስ ልጅ ስለሆኑ ጣና ደሴት ላይ ዳዊት ደግመዋል፣ ዜማም ጀምረው ነበር። ኋላ ግን ጎንደር ሄደው ከአንድ ጣሊያን ፎቶ አንሺ ዘንድ ተቀጠሩና ሳይቀስሱ ቀሩ። ባሕር ዳር ውስጥ ከሐይቁ ዳር ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ፎቶ ቤት ከፍተው ስንት ዓመት እንደኖሩ እሳቸውም በውል አያውቁትም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ።

እናቴ አንዱን መንታ እያጠባች ሌላውን በእግሯ ታወዛውዛለች። ጋሽ ፈንቴ በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጡና "ጥሩወርቅን ከሰዓት ከሰዓት ስጪኝ" አሉ።

"ምን ልትሠራልዎ?" አለች እናቴ። "ለመጥረግ ከሆነ እኔ ሰው እፈልግልዎታለሁ።"

"መጥረጉ አላቃተኝም። ካሜራ ላስተምራት ነው።"

እናቴ ሳቀች። "ሴት ልጅ? ካሜራ?"

"ካሜራው ሲጫኑት የማን ጣት ነው ብሎ አይጠይቅም" አሏት።

እናቴ ወደ እኔ አየች፤ ወደ መንትዮቹ አየች። "እንዳታስቸግርዎ" አለች በመጨረሻ። በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ ተከትያቸው ሄድሁ። ከደጃችን እንደወጣን "ነይ ክንዴን ያዢ፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ትወድቂያለሽ" አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጭቃም ቢሆን አቧራ ክንዳቸውን ሳልይዝ አብሬያቸው ሄጄ አላውቅም። እንደ ሕፃን እንደሚያዩኝ አድርጌ እቆጥረውና እናደድ ነበር።

ፎቶ ቤቱ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ናት። በበሩ ጎን በግድግዳው ላይ የመስታወት ሳጥን ተሰቅሏል፤ ውስጡ የሙሽሮች፣ የዲያቆናት፣ የተመረቁ ተማሪዎች ፎቶ ተደርድሯል። ትንሽ ሳለሁ እዚያ ሳጥን ውስጥ ያሉት ወንዶች በሙሉ ወንድማማቾች ይመስሉኝ ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ኮት ለብሰዋላ። ኮቱ የጋሽ ፈንቴ መሆኑን ያወቅሁት ገብቼ ከሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ሳየው ነው። ለጉርድ ፎቶ የመጣ ወንድ ሁሉ እሱን ያጠልቃል። ለቀጫጮቹ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይሰበሰባል፤ ለወፍራሞቹ ፊት ለፊት ብቻ እንዲታይ ይደረጋል።

ከደንበኛው ጀርባ በአቡጀዴ ላይ የተሣለ ጣና አለ። የሣሉት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። ዓሦቹን ከጎን እየሣሉ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ዓይን ሰጥተዋቸዋል። ጋሽ ፈንቴ "ዓሣ ከጎን ሲታይ አንድ ዓይን ነው ያለው" ቢሏቸው፣ ሠዓሊው "አንድ ዓይን የሚሣለው ለሰይጣን ነው፤ ዓሣው ምን በደለ?" ብለው እምቢ አሉ አሉኝ።

ካሜራው ራሱ ሁለት ዓይን ነበረው። የጀርመን ሥሪት፣ ጥቁር፣ እንደ ትንሽ ሣጥን ያለ፣ አንዱ ሌንስ ካንዱ በላይ። እንደ ሌላው ካሜራ ፊት ላይ አይደገንም። በማንገቻው አንገት ላይ ይንጠለጠልና ሆድ ላይ ይቀመጣል፤ ክዳኑ ሲከፈት ወደ ታች አጎንብሶ መስታወቱን ማየት ነው።

"ላይኛው የሚያየው ላንቺ ነው፤ ታችኛው ለፊልሙ" አሉኝ።

መጀመሪያ አጎንብሼ ሳይ የገዛ ትንፋሼ ያስደነገጠኝ ይመስለኛል። መንገዱ፣ አህዮቹ፣ ከባሕሩ እንጨት ተሸክመው የሚመጡት ሴቶች ሁሉ እዚያች መስታወት ላይ በቀለማቸው ይሄዳሉ፤ ግን ወደ ገበያ የሚሄዱት ወደ ሐይቁ፣ ወደ ሐይቁ የሚሄዱት ወደ ገበያ። ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኗል። "ጋሼ፣ ሰዎቹ እየተመለሱ ነው!" ብዬ ጮህሁ። ሳቁ። "አልተመለሱም። መስታወቱ ነው የሚገለብጣቸው" አሉኝ።

ፊልም የለም። ፊልም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሰው እጅ እስኪመጣ አንዳንዴ ሁለት ወር ይቆያል፤ አንዱ ፊልም ደግሞ አሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመስቀል እስከ ኅዳር ሚካኤል በባዶ ካሜራ ተማርሁ። ወደ ሐይቁ ዳር ይወስዱኝና ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። "ያንን ታንኳ ተከተይው" ይላሉ። ደንገል የጫነ ታንኳ ከወዲያ ይመጣል፤ መስታወቱ ላይ ወደ ግራ ሲያመልጠኝ ወደ ግራ እዞራለሁ፣ ይብሳል፤ ጭራሹን ይጠፋል። አንድ ቀን እንዲህ ታንኳ ስከተል እግሬን ሳላይ ወደ ፊት እየሄድሁ እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ገባሁ። ጋሽ ፈንቴ የውኃውን ድምፅ ሰምተው ብድግ አሉና "ካሜራው!" ብለው ጮኹ። ወዲያው ደግሞ "አንቺስ?" አሉ። ቅደም ተከተሉን ለእናቴ አልነገርኋትም።

እንደ ቄስ ተማሪ በቃሌ ያስጠኑኝ ነበር። የሌንሱን ቀዳዳ የሚያጠቡትንና የሚያሰፉትን ቁጥሮች እንደ ዳዊት ተቀምጬ እደግማለሁ፤ አራት፣ አምስት ነጥብ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ስድስት፣ ሃያ ሁለት። ክፍል ውስጥ የሒሳብ መምህራችን "ከስምንት ቀጥሎ ማን ይመጣል?" ሲሉ እጄን አውጥቼ "አሥራ አንድ!" አልሁ። ክፍሉ ለሳምንት ያህል "አሥራ አንድ" እያለ ጠራኝ።

ርቀትን በእርምጃ ነው ያስተማሩኝ። "ያ ዛፍ ስንት እርምጃ ነው?" ይላሉ፤ "አሥራ ሁለት" እላለሁ፤ "ሂጂና ርገጪው።" ሄጄ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ በአምስትና በስድስት እስት ነበር፤ ኋላ ግን በዓይኔ ብቻ አይቼ በአንድ እርምጃ እንኳ አልስትም። እሳቸው ደግሞ ምስሉን የሚያጠራውን የካሜራውን ጎማ ሳያዩ በጣታቸው ከመቆሚያው ጀምሮ እየቆጠሩ ያዞሩታል። ብርሃኑን በጥላ ነው የሚለኩት። "ጥላሽ ምን ያህላል? ጠርዙ የተሳለ ነው ወይስ የደበዘዘ?" እነግራቸዋለሁ፤ ቁጥሩን እንድናገር ይጠብቃሉ።

ከሁሉ የሚያደክመኝ ግን አንድ ጥያቄ ነበር። "ምን ታያለሽ?"

"ሰውዬ።"

"ሌላስ?"

"ኮፍያ አድርጓል።"

"ሌላስ?"

"ግራ ጉንጩ አብጧል፣ ጥርሱን ሳያመው አይቀርም። ዓይኑን ያርገበግባል። ከኋላው ውሻ አለ።"

"እሱን መጀመሪያ አትነግሪኝም!" ይላሉ ደስ ብሏቸው። በሁሉም ነገር እንዲህ ናቸው። የሐይቁን ቀለም ይጠይቁኛል። የሴቶቹን ጥልፍ ይጠይቁኛል። ፎቶ ቤት ውስጥም ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ካሜራው ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይደረጋል፤ እኔ ሣጥን ላይ ቆሜ መስታወቱን አያለሁ፤ "ሽፋሽፍቱ ይቆጠራል?" ይሉኛል፤ "ይቆጠራል" ስል እሳቸው ጠጋ ብለው "በስመ አብ" ይሉና ይጫኑታል። ደንበኛው ያነሡት እሳቸው እንደሆኑ ነው የሚያውቀው። እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። የሚፈትኑኝ ይመስለኝ ነበር፤ መልሱን እያወቁ እንደሚጠይቁ መምህር።

ጨለማው ክፍል ግን ሌላ ነበር። ፊልሙ ከካሜራው ወጥቶ ምስሉን የሚያወጣው መድኃኒት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቀዩ አምፖል እንኳ ይጠፋል። ድፍን ጨለማ። እኔ እጄን ዘርግቼ ግድግዳ ስፈልግ ጋሽ ፈንቴ ግን ጠርሙሱን፣ መቀሱን፣ ሳህኑን አንድ ጊዜም ሳይስቱ ያነሣሉ፣ ያስቀምጣሉ። "እንደ ድመት ያያሉ እንዴ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "እዚህ ውስጥ ከሁላችሁም እበልጣለሁ" አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረ። ምስሉ ከወጣ በኋላ መድኃኒቱን የሚያስቆመው አሲድ ከአዲስ አበባ መምጣቱን ካቆመ ቆይቷል። በእሱ ፋንታ ከሱቅ አቼቶ አስገዝተው በውኃ ያቀጥኑታል። ልብሴ ሁሉ ይሸት ስለነበር እናቴ "ፎቶ ቤት ነው ሰላጣ ቤት የምትውይው?" ትለኝ ነበር።

እዚያ ክፍል ውስጥ ነው ትልቁን ስሕተቴን የተሳሳትሁት። የታጠበውን ፊልም፣ ነጌቲቩን፣ ብርሃን ላይ ስይዘው የሰዎቹ ፊት ጥቁር፣ ጸጉራቸው ግን ነጭ ነው። ወጣቱም፣ ሙሽራዋም፣ የሁለት ዓመት ሕፃኑም ሸብተዋል። ለማንም ሳልናገር ለራሴ መልስ አገኘሁለት፤ ታችኛው ዓይን የሚያየው ሰው ሲያረጅ ምን እንደሚመስል ነው። አባቴ ለመታወቂያ ሲነሣ ነጌቲቩን በድብቅ አየሁት። ሸብቷል። ደስ አለኝ፤ ረጅም ዕድሜ ይኖራል ማለት ነው። አንድ ቀን የራሴን ነጌቲቭ ይዤ ለጋሽ ፈንቴ "እኔም ስሸብት ያምርብኛል" ብዬ ስነግራቸው ምን ማለቴ እንደሆነ ገባቸውና ወንበር ፈልገው እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው አስረዱኝ። ጥቁር ነገር ብርሃን ስለማይልክ ፊልሙ ላይ ቦታው ባዶ ይቀራል፤ ባዶው ነው ነጭ ሆኖ የሚታየው። ገባኝ። ግን ቅር አለኝ።

ጥምቀት አልፎ ሁለት ወር ገደማ ሲሆን ከተማው ውስጥ ወጣቶች ይታፈሱ ጀመር። ብሔራዊ ውትድርና ነው። ከገጠርም በመኪና፣ በጀልባ ያመጧቸውና ከመነኸሪያው ወዲያ አንድ የእህል መጋዘን ግቢ ውስጥ ያስቀምጧቸዋል። አባቴ ስለዚህ ነገር ቤት ውስጥ እንዳይወራ ከለከለ። በዚያው ሰሞን የፎቶ ቤቱ ሥራ በዛ፤ ልጅ ያላቸው ሁሉ ልጃቸውን ኮት እያለበሱ ያመጡ ነበር። እኔ ሁሉም ሙሽራ ሊሆኑ ነው ብዬ አስቤ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት እየሮጡ ገቡ። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሐይቅ ጭቃ ነው። ወይዘሮ አንጓች ይባላሉ፤ ከቁንዝላ በጀልባ ነው የመጡት። ልጃቸው ደሴ ከገበያ ታፍሶ መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ነው፤ ነገ ጠዋት ይጫናሉ ተብሏል።

"አንድ ፎቶ እንኳ የለኝም ጋሼ" አሉ። "ተወልዶ እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አልተነሣም። ቢቀርብኝ መልኩን በምን አስታውሳለሁ?"

ጋሽ ፈንቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ካሜራው ውስጥ ስንት ቀርቷል?" አሉኝ።

"ሁለት።"

"ነይ ክንዴን ያዢ።"

የመጋዘኑ ግቢ በሽቦ የታጠረ ነው። በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ሚሊሺያ ቆሟል። ካሜራውን ሲያይ "የለም የለም፣ ይሄ ክልክል ነው!" ብሎ መጣ፤ ሲቀርብ ግን ፊቱ ተለወጠ። "ጋሽ ፈንቴ ነዎት እንዴ? የሠርጌን ፎቶ ያነሡልኝ እርስዎ ነዎት እኮ!" ወዲያና ወዲህ አየ። "በሉ ቶሎ። ከሽቦው ውጪ ሆነው። እርስዎ ብቻ ይያዙት፤ አለቃ ቢመጣ ካሜራ በልጅ እጅ አይቶ ጨዋታ እንዳይመስለው። አንቺ ወደ ኋላ ቁሚ።"

ወደ ኋላ ቆምሁ። ወይዘሮ አንጓች ሽቦውን ይዘው "ደሴ! ደሴ!" ብለው ተጣሩ። ልጆቹ ግር ብለው መጡ። "እማ!" "እዚህ ነኝ!" "ለእናቴ ንገሩልኝ!" ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻል። ደሴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው። በጉልበቱ ተጋፍቶ እናቱ ፊት ደረሰ። እናቱ በሽቦው መሐል እጁን ያዙት።

ጋሽ ፈንቴ ክዳኑን ከፈቱ፣ አጎነበሱ፣ ዞሩ፣ "በስመ አብ" አሉ፣ ቀጭ አደረጉት።

ካሜራው ግን ያየው ደሴን አልነበረም። ከደሴ በስተግራ አራት ሰው አልፎ የቆመ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ ሌላ ልጅን ነው። ልጁ ሌንሱ ወደሱ መዞሩን ሲያይ ቶሎ ኮሌታውን አስተካክሎ አገጩን ቀና አድርጎ ፈገግ ብሎ ነበር። ሲነሣ ግራ ገባው። "ጋሼ፣ ለእኔም ነው?" አለ።

ጋሽ ፈንቴ ድምፁን ሲሰሙ ደነገጡ። "አዎ ልጄ፣ ላንተም ነው" አሉት።

"ጋሼ፣ የኔ ልጅ ይሄኛው ነው!" አሉ ወይዘሮ አንጓች።

"አውቃለሁ እመቤቴ። አሁን ደግሞ የእርስዎን።"

አንድ ፎቶ ቀረ። ጋሽ ፈንቴ ፊልሙን አዞሩና እንደገና አጎነበሱ። ያኔ ነው ዓይናቸውን ያየሁት። ስድስት ወር ሙሉ ከጎናቸው ውዬ የሚያዩትን እንጂ ዓይናቸውን አይቼው አላውቅም ነበር። አንገታቸው ወደ መስታወቱ አጎንብሷል፤ ዓይናቸው ግን መስታወቱ ላይ አላረፈም። የትም አላረፈም።

ክንዴን ያዢ። ምን ታያለሽ። ስንት እርምጃ ነው። ጥላሽ ምን ያህላል።

"ማንገቻው ተጠምዝዟል፣ ላስተካክልላቸው" አልሁት ሚሊሺያውን። መልስ ሳልጠብቅ ጎናቸው ሄድሁና ማንገቻውን ይዤ በሹክሹክታ "ጋሼ፣ ወደ ቀኝ" አልኋቸው።

አልተከራከሩኝም። "በካሜራው ቀኝ ነው በእኔ?"

"በእርስዎ። ትንሽ… ትንሽ… በቃ።"

"እርምጃ?"

"ሰባት።"

ጣታቸው ጎማው ላይ ቆጠረ። "እናቱ የት ናት?"

"እጁን ይዛዋለች። ፊቷ በጎን ይታያል።"

"ሌላስ?"

"ሽቦው በአገጩ ሥር ነው የሚያልፈው፣ ፊቱን አይነካውም። እኛን አያይም፣ እሷን ነው የሚያይ።"

"ተይው፣ ይያት። ዓይኑስ?"

"ጨፈነ… ቆይ… ከፈተ። አሁን!"

ቀጭ።

ስንመለስ ክንዳቸውን ይዣለሁ፤ ግን ከዚያን ቀን በፊት ከነበረው ይበልጥ አጥብቄ ነው።

"መቼ አወቅሽ?" አሉኝ።

"አሁን።"

ዓይናቸው የከዳቸው ካለፈው ክረምት በፊት ጀምሮ ነው አሉኝ። አንደኛው ዓይን ጨርሶ ጠፋ፤ በሌላው በጭጋግ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ጥላና ብርሃን ብቻ ይለያሉ። የሚያውቁት ቤት ውስጥ በልማድ ይሄዳሉ። ሰው ፎቶው ደበዘዘ ብሎ ማጉረምረም ሲጀምር ነው እኔን ለመጠየቅ የመጡት።

ልቅሶ መጣብኝ። ልቅሶው ለእሳቸው ይመስላችሁ ይሆናል፤ አይደለም፣ ለራሴ ነበር። "የሚያስተምሩኝ መስሎኝ ነበር እኮ!" አልኋቸው።

ቆሙ። "እያስተማርሁሽ ነበር" አሉ። "እኔም እያየሁ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።" ትንሽ ሄድንና "ያ የመጀመሪያው ልጅ ምን ለብሷል?" ብለው ጠየቁኝ።

"አረንጓዴ ሹራብ።"

"ፊቱስ?"

"ፈገግ ብሏል።"

"እንግዲያው እሱንም እናጥበዋለን። ላንተ ነው ብዬዋለሁ።"

በማግስቱ መኪኖቹ ጠዋት ሄዱ። ወይዘሮ አንጓች ከሸኙ በኋላ ፎቶ ቤት መጥተው ተቀመጡ፤ አላለቀሱም፣ ነጠላቸውን ብቻ ደጋግመው ያጣጥፉ ነበር። እኔ ገና የደረቀውን ፊልም በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዤ ሳይ ተነሥተው ከጎኔ ቆሙ። ደሴ ሁለቱም ዓይኖቹ ተከፍተው እናቱን ያያል። ጠርቷል። ሽፋሽፍቱ ይቆጠራል።

"ምነው ጸጉሩ ነጣብኝ?" አሉ ወይዘሮ አንጓች ድንግጥ ብለው።

ትክክለኛውን መልስ አውቀዋለሁ። ብርሃኑን፣ ባዶውን፣ ሁሉንም ተምሬዋለሁ። ግን ፊታቸውን አየሁትና "ሲያረጅ እንደዚህ ይሆናል" አልኋቸው። "ካሜራው የሚያሳየው ሲያረጅ ነው።"

ፊልሙን ከእጄ ወስደው አፍጥጠው አዩት። "ይሸብታል?"

"አዎ። አዩት፣ ሽማግሌ ነው።"

ጋሽ ፈንቴ ከወንበራቸው ላይ ነበሩ። ውሸት የሚባል ነገር የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ደንበኛ ዕድሜውን ሲቀንስ እንኳ ይቆጣሉ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት። ከዚያ ቀስ ብለው "አሜን በሉ እንጂ" አሉ። ወይዘሮ አንጓች "አሜን" ብለው ፊልሙን ሳሙት። ፎቶውን ስንሰጣቸው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ጀልባው ወረዱ። ደሴ ይመለስ፣ አይመለስ፣ አላወቅሁም። ከቁንዝላ የሚመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ለመጠየቅ አስብና እፈራ ነበር።

የአረንጓዴ ሹራቡን ልጅ ስም አናውቅም፤ አገሩን አናውቅም። ጋሽ ፈንቴ "በሳጥኑ ውስጥ መሐል ላይ ስቀዪው፤ ወገኑ ካለ ይየው" አሉኝ። ከሙሽሮቹ መሐል አንዱን አንሥቼ እሱን ሰቀልሁት። በዚያ ሁሉ ግራጫ ኮት መሐል ኮት ያልለበሰ እሱ ብቻ ነው፤ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚስቀው እሱ ነው። ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም ሰላም እለው ጀመር። የጋሽ ፈንቴን የዓይን ነገር ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብተውኛል። ለእናቴም አልነገርሁም። ሥራችንን እንደ ድሮው ቀጠልን፤ ብቻ አሁን "ምን ታያለሽ?" ሲሉኝ አልሰለችም።

ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በአንድ የቅዳሜ ገበያ፣ የትምህርት ቤታችን ምክትል ዳይሬክተር ለጉርድ ፎቶ መጡ። ከተማሪው ሁሉ የሚፈሩ ሰው ናቸው። አርጩሜያቸውን በክንዳቸው ሥር ይዘው በመስኮት ብቅ ሲሉ ክፍሉ መተንፈስ ያቆማል። እዚያ ሲያዩኝ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ግራጫውን ኮት አጠለቁ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሣጥኔ ላይ ልወጣ ስል ከውጭ የመስታወቱ ሳጥን ተንኳኳ።

አንድ ገበሬ ናቸው። ጋቢ ደርበዋል፤ ዱላቸውን በትከሻቸው ይዘዋል። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገዋል፤ አያነሡትም። ወጣሁ።

"ይሄ ልጅ" አሉኝ። "ይሄ ልጅ የኔ ነው። ይበልጣል ነው።"

እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ከወንዛዬ ገጠር ነው የመጡት። ልጃቸው ጨው ሊገዛ እንደወጣ አልተመለሰም። አንዱ ወደዚህ ወሰዱት ይላል፣ አንዱ ወደዚያ፤ አንዱ ደግሞ መንገድ ላይ ሞተ ብሎ ነግሯቸዋል። እናቱ ሐዘን ተቀምጣለች። ጋሽ ፈንቴ ከወንበራቸው ተነሥተው በድምፁ አቅጣጫ ቆሙ።

"ማነው ያነሣው?" አሉ ገበሬው።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ፈንቴ። ከዚያ ምራቃቸውን ዋጡ። ምክትል ዳይሬክተሩ እዚያው ተቀምጠዋል፤ በሩ ላይም ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። "ግን እሱን ላነሣ ብዬ አይደለም። ሌላ ልጅ መስሎኝ ነው። ዓይኔ አያይም።"

እኔ የጋሽ ፈንቴን ፊት ለማየት ፈራሁ።

ገበሬው ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። "ታዲያ ከፊትዎ ማን አቆመው?" አሉ።

ገበሬው ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ አይተሽዋል? አልተመታም? አልታመመም?"

"ደህና ነበር። ኮሌታውን አስተካከለ። 'ለእኔም ነው?' ብሎ ጠየቀ።"

"ምን አላችሁት?"

"ጋሼ 'አዎ ልጄ፣ ላንተም ነው' አሉት።"

ገበሬው ወደ ጋሽ ፈንቴ ሄዱና ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሳሙ። ጋሽ ፈንቴ "ኧረ በማርያም!" እያሉ ሊያነሷቸው ሲታገሉ ሁለቱም ሊወድቁ ነበር፤ ምክትል ዳይሬክተሩ ከነኮታቸው ተነሥተው ደገፏቸው። ፎቶውን ከሳጥኑ አውጥቼ ሰጠኋቸው። "ስቋል እኮ" አሉ ደጋግመው። "ስቋል እኮ ልጄ።" በጋቢያቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ አድርገውት በሩጫ ነው የወጡት፤ ሐዘን የተቀመጠችውን ሴት ሊያስነሡ።

በር ላይ ያሉት ሴቶች እንባቸውን ይጠርጋሉ። ጋሽ ፈንቴ ወደ ወንበሩ ዞሩ።

"ሰምተዋል ጓድ" አሉ። "ዓይኔ ጠፍቷል። ከኅዳር ጀምሮ ሰው የሚነሣው በእሷ ዓይን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ በጣቷም ነው። ካልፈለጉ አላስቀይምዎትም።"

ምክትል ዳይሬክተሩ ወደ እኔ አዩ። እዚያ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እንደሚያዩኝ አልነበረም፤ ግን በፈገግታም አልነበረም። ተመልሰው ተቀመጡ፣ ኮቱን ሳብ ሳብ አደረጉ። "በይ እንግዲህ" አሉኝ።

ሣጥኑ ላይ ወጣሁ። አጎነበስሁ። መስታወቱ ላይ በጣና መሐል፣ ባለሁለት ዓይን ዓሦች ከበዋቸው ትንሽ ሰውዬ ሆነው ተቀምጠዋል።

"አገጭዎን ዝቅ ያድርጉ" አልሁ። ዝቅ አደረጉ። "ኮሌታዎ ተጣሟል።" እጃቸው ወዲያው ሄደ። "ወደ ግራ። በእርስዎ ግራ።" ዞሩ። "አይተንፍሱ።"

ትንፋሻቸውን ያዙ። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ሽፋሽፍታቸው ይቆጠራል፤ ፊታቸው መቅላት ጀምሯል፤ በዓለም ላይ ማንም አያስቸኩለኝም ነበር።

"ጥሩዬ" አሉ ጋሽ ፈንቴ ከኋላዬ፣ ሳቃቸው አፍኗቸው፣ "አንሻቸው እንጂ፤ ሰውየው ታፈኑብን።"

አነሣኋቸው።